የመስታወት ክር በቀለጠ ብረት ውስጥ፦ ሙቀት የሚለካው ፋይበር ከጥፋት የሚጠበቀው እንዴት ነው?

ፋይበር ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ወደ ቤት ወይም ወደ ቢሮ የሚገባውን የኢንተርኔት መስመር ነው። ይኸው እንደ ሰው ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር በብረት ማቅለጫ ፋብሪካዎች ሌላ ሥራ ተሰጥቶታል፤ 1,600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ የጋለ ፈሳሽ ብረት ሙቀቱ ስንት እንደደረሰ ይለካል። ነገሩን መጀመሪያ የሰማ ሰው መስታወት እንዲህ ያለ እሳት ውስጥ ገብቶ እንዴት ይተርፋል ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እውነቱን ለመናገር ብዙውን ጊዜ አይተርፍም፤ እንዲተርፍም አይጠበቅበትም። ከክሩ የሚፈለገው፣ ልኬቱ እስኪያልቅ ድረስ በውስጡ የሚያልፈው ብርሃን ሳይበረዝ ወደ መሣሪያው እንዲደርስ ነው። የመከላከያው ሥራ ሁሉ የሚመዘነው በዚህ ነው።

የጥቂት ዲግሪ ልዩነት ምን ያመጣል?

ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ነው። ካርቦንና ሌሎች ንጥረ ነገሮች የተቀላቀሉበት አረብ ብረት ደግሞ ከዚህ ትንሽ ዝቅ ባለ ሙቀት መርጋት ይጀምራል። በዘመናዊ ፋብሪካ የቀለጠው አረብ ብረት ላድል ከሚባለው ግዙፍ ባልዲ ታንዲሽ ወደሚባል ማከፋፈያ ገንዳ ይወርዳል፤ ከዚያም ሞልድ በሚባለው፣ በውሃ በሚቀዘቅዝ የመዳብ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ እያለፈ ሳይቋረጥ ወደ ጠንካራ ዘንግ ወይም ጠፍጣፋ ይለወጣል።

በታንዲሹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ መርጋት ከሚጀምርበት ነጥብ በላይ እንዲቆይ የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ብቻ ነው። ከዚህ ከወረደ ብረቱ በማውረጃው አፍ ላይ ይረጋና መስመሩን ይዘጋል። ከመጠን በላይ ከጋለ ደግሞ በሞልዱ ውስጥ የሚፈጠረው ጠንካራ ቅርፊት ይሳሳል፤ ቅርፊቱ ከሞልዱ ሲወጣ ከተቀደደ ውስጡ ያለው ፈሳሽ በማሽኑ ላይ ይዘረገፋል፣ ይህም በማቅለጫ ቤት እጅግ ከሚፈሩት አደጋዎች አንዱ ነው። ሠራተኞች አንዳች ስጋት በገባቸው ቁጥር ሙቀቱን ከፍ አድርገው ቢሠሩ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ይባክናል፣ እሳት የሚቋቋሙት የሽፋን ጡቦችም ቶሎ ይበላሉ። የ20 ዲግሪ ስህተት ከ1,550 ዲግሪ አንጻር ከመቶ አንድ ተኩል እንኳ አይሞላም፤ ሆኖም የተፈቀደውን ክፍተት በሙሉ ሊጨርሰው ይችላል።

እስካሁን በምን ሲለካ ቆየ?

የተለመደው መሣሪያ ቴርሞካፕል ነው። ሁለት የተለያዩ የብረት ሽቦዎች ጫፍ ለጫፍ ሲገናኙና መገናኛው ሲሞቅ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ ይህን እ.ኤ.አ. በ1821 ያስተዋለው ቶማስ ዮሐን ዜቤክ ነበር። ለቀለጠ አረብ ብረት የሚያገለግሉት ሽቦዎች ከፕላቲኒየም፣ እንዲሁም ከፕላቲኒየምና ከሮዲየም ቅይጥ የሚሠሩ ናቸው።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ላየው ቀላል ይመስላል። ሙቀት የሚመልስ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ፣ ወይም በምትኩ የቆመ ሮቦት፣ ረጅም ዘንግ ይይዛል። በዘንጉ ጫፍ ወፍራም የካርቶን ቱቦ ይሰካል፤ በካርቶኑ አፍንጫ ላይ ሽቦዎቹን የያዘች ትንሽ የኳርትዝ ቱቦ አለች፤ እርሷን ደግሞ ስስ የብረት ቆብ ይሸፍናታል። ጫፉ በፈሳሹ ላይ የሚንሳፈፈውን ስላግ የሚባል የቆሻሻ ንጣፍ ሰንጥቆ ሲገባ ቆቡ ይቀልጣል፣ ሽቦዎቹ ይሞቃሉ፣ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥም ቁጥሩ በሰሌዳው ላይ ይወጣል። ካርቶኑ እየነደደ ይወጣና ይጣላል። ሽቦዎቹ ፕላቲኒየም፣ መከላከያቸው ካርቶን መሆኑ ግር ሊያሰኝ ይችላል፤ ነገር ግን ካርቶኑ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ያለው ጊዜ ለአንዲት ልኬት ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ዕድሜም አይፈለግበትም።

ይህ መሣሪያ ተፈትኖ የተመሰከረለት ነው፤ ፋይበርም በአንድ ጀንበር አያባርረውም። ጉድለቱ ግን የአንድ ቅጽበት ልኬት ብቻ መስጠቱ ነው። በሁለት ልኬቶች መካከል በፈሳሹ ውስጥ የሆነውን የሚነግር የለም፤ አዲስ ልኬት በተፈለገ ቁጥርም አዲስ ጫፍ ሰክቶ ወደ እሳቱ መቅረብ የግድ ነው።

መስታወት ሙቀትን እንዴት ያነብባል?

ሁለት መንገዶች አሉ። በአንደኛው ፋይበሩ ራሱ ምንም አይለካም፤ የጋለው ብረት የሚያወጣውን ብርሃን ራቅ ብሎ በቀዝቃዛ ቦታ ወደተቀመጠ የብርሃን መለኪያ ያደርሳል። በሁለተኛው ክሩ ውስጥ የተቀረጸ ምልክት ሙቀት ሲለዋወጥ የሚመልሰውን ብርሃን ይለውጣል። ፈሳሹ ውስጥ የሚጠልቀው የመጀመሪያው ዓይነት በመሆኑ ከእርሱ እንጀምር፤ ሁለተኛውን በሞልዱ ላይ እናገኘዋለን።

የጋለ ነገር ሁሉ ብርሃን ይሰጣል፤ በጋለ መጠንም ብርሃኑ በፍጥነት ይበረታል። ሙቀቱና ብርሃኑ እንዴት እንደሚዛመዱ የሚያሳየውን ቀመር ማክስ ፕላንክ እ.ኤ.አ. በ1900 አስቀምጦታል። ቀመሩ በትክክል የሚሠራው ግን ሳይንቲስቶች ጥቁር አካል ለሚሉት፣ በሙቀቱ ልክ ሊሰጥ የሚችለውን ብርሃን ሁሉ ለሚሰጥ አካል ነው። ንጹሕ የቀለጠ ብረት ገጽ ከዚህ ግማሹን እንኳ አይሰጥም፤ ስላግ ሲሸፍነው መጠኑ ይለወጣል፤ ጭስ ሲመጣ ደግሞ ብርሃኑ ይዳከማል። ስለዚህ ከሩቅ ሆኖ ገጹን በማየት ብቻ መለካት ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

በማንደጃ የተቀጣጠለ ከሰል ያየ ሰው በከሰሎቹ መካከል ያለው ቀዳዳ ከከሰሎቹ ገጽ ይልቅ ደምቆ እንደሚታይ ያውቃል። በዙሪያው እኩል የጋለ ጠባብ ቦታ ብርሃኑን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እያመላለሰ ስለሚያከማች ወደ ጥቁር አካል ይጠጋል። የፋይበር ጫፍ በፈሳሹ ውስጥ ሲጠልቅም ዙሪያውን በሙሉ በተመሳሳይ ሙቀት ስለሚከበብ የሚቀበለው ብርሃን ከፕላንክ ቀመር ጋር በእጅጉ ይስማማል። ጥቅሙም አደጋውም ከዚህ ይመነጫል፤ ትክክለኛ ብርሃን ለማግኘት ክሩ እሳቱ ውስጥ መግባት አለበት።

ክሩን የሚያበላሸው መቅለጥ ብቻ ነው?

አይደለም። ለኢንተርኔት የሚያገለግለው ፋይበር የሚሠራው ከንጹሕ ሲሊካ መስታወት ነው። ሲሊካ በ1,600 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል እንጂ እንደ ውሃ አይፈስም፤ በዚህ በኩል ከተራ የመስኮት መስታወት እጅግ የተሻለ ነው። ከዚያ በፊት የሚጠፋው ላዩን የለበሰው ፕላስቲክ ነው። የተለመደው ልባስ ከ100 ዲግሪ በታች ጀምሮ ይጎዳል፤ ፖሊኢሚድ የሚባለው የተሻለ ልባስ እስከ 300 ዲግሪ ገደማ፣ የወርቅ ልባስ ደግሞ እስከ 700 ዲግሪ ገደማ ይቆያል። ፕላስቲኩ ሲቃጠል ጥላሸት ይተዋል፤ ጥላሸቱ በክሩ ጫፍ ላይ ከተቀመጠ ብርሃኑን ያጠፋዋል።

ሁለተኛው ጠላት ዘገም ያለ ነው። ሲሊካ ከ1,100 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ጥርት ያለው መስታወት ቀስ በቀስ ወደ ክሪስታል ይለወጥና እንደ ወተት ይደፈርሳል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይህ ክሪስታል መጠኑ በድንገት ስለሚቀንስ ይሰነጣጠቃል። አንድ ጊዜ በቀለጠ ብረት ውስጥ ገብቶ የወጣ የፋይበር ጫፍ ለሁለተኛ ጊዜ የማይታመነው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛው ኬሚስትሪ ነው፤ በስላግ ውስጥ ያለው የብረት ኦክሳይድ ከሲሊካ ጋር ሲዋሃድ በ1,200 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ ውህድ ይፈጥራል፣ በመሆኑም ስላጉ መስታወቱን እያሟሟ ይበላዋል።

እነዚህ ጉዳቶች ምን ያህል እንደሚከብዱ አንድ ስሌት ያሳየናል። መለኪያው አንድ ማይክሮን፣ ማለትም የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ፣ የሞገድ ርዝመት ባለው ብርሃን ይሠራል እንበል፤ ብረቱም 1,600 ዲግሪ ይሁን። በክሩ መደፍረስ ምክንያት ከብርሃኑ ከመቶ አሥር ብቻ ቢጠፋ መሣሪያው ብረቱ 1,575 ዲግሪ ገደማ ነው ይላል። በ1.6 ማይክሮን ብርሃን ቢሠራ ስህተቱ ወደ 40 ዲግሪ ያድጋል። ክሩ አልተሰበረም፣ አልቀለጠም፣ ቁጥርም እየሰጠ ነው፤ ቁጥሩ ግን ውሸት ነው። የተሰበረ ክር ቢያንስ መሰበሩን ያሳብቃል፤ የደፈረሰው ግን ሠራተኛው ሳይጠረጥር አላስፈላጊ ኤሌክትሪክ እንዲጨምር ያደርገዋል።

እየተበላ የሚለካ ክር እንዴት ይሠራል?

አንዱ መፍትሔ ጫፉን ለማዳን አለመሞከር ነው። የጃፓኑ ብረት አምራች ኤንኬኬ፣ በኋላ ከካዋሳኪ ስቲል ጋር ተዋህዶ ጄኤፍኢ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ፋይበርን በቀጭን የብረት ቱቦ ውስጥ አስገብቶ ወደ ቀለጠ ብረት መመገብን ካዳበሩት ቀደምት ኩባንያዎች መካከል ነው። ክሩ ከጥቂት ሚሊ ሜትር በማይበልጥ የማይዝግ ብረት ቱቦ ውስጥ ሆኖ በከበሮ ላይ እንደ ሽቦ ይጠቀለላል። ልኬት ሲፈለግ ሞተር እየፈታ ወደ ፈሳሹ ይገፋዋል። ቱቦው ክሩን ከመታጠፍ፣ ከብልጭታና ከስላግ እየጠበቀ ወደ ፈሳሹ ያደርሰዋል፤ ከዚያ ቱቦው ራሱ ይቀልጣል፣ የክሩ ጫፍም ለአፍታ ተጋልጦ ብርሃኑን ይቀበላል። ጫፉ ከመደፍረሱ በፊት አዲስ ክር ከኋላው ይደርሳል። ልኬቱ ሲያልቅ የተበላሸው ክፍል ይጣላል፣ የቀረው ለሚቀጥለው ይቆያል።

ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው በብዛት የሚመረት የቴሌኮም ፋይበር ስለሆነ የሚጠፋው ክር ዋጋው ፕላቲኒየም ካለበት ጫፍ ጋር አይወዳደርም። አስቸጋሪው ፍጥነቱን መመጠን ነው። ክሩ በዝግታ ከተገፋ ጫፉ ይደፈርሳል፤ በጣም ከፈጠነ ቀዝቃዛው ቱቦ ሳይቀልጥ ወደ ውስጥ ይዘልቅና መሣሪያው የፈሳሹን ሳይሆን ገና እየሞቀ ያለውን የቱቦውን ሙቀት ያነባል። በዚህ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ፈሳሽ ብረት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ብረቱ በዙሪያው ይረጋበታል፤ ያ ቅርፊት እንደገና እስኪቀልጥ ድረስ የሚነበበው ቁጥር ዋጋ የለውም። ስለዚህ አንዳንድ ንድፎች ክሩን ከቱቦው በተጨማሪ ሙቀት በዝግታ በሚያስተላልፉ የመስታወት ቃጫዎችና በሌላ ስስ ሽፋን ይከብቡታል። የልባሱ ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝም መውጫ ካላገኘ የቀለጠውን ብረት ከጫፉ ይገፋል፤ ይህም ታስቦበት መሠራት ያለበት ነገር ነው።

ክሩ ብረቱን ጨርሶ ባይነካስ?

ይህ ሌላው መፍትሔ ነው፤ ያለማቋረጥ መለካት በሚፈለግበት በታንዲሹ ላይ ይሠራበታል። ታችኛው አፉ የተዘጋ ወፍራም ቱቦ በፈሳሹ ውስጥ ይቆማል። የቱቦው ውስጥ ከፈሳሹ ጋር እኩል ሲግል ውስጡ ጥቁር አካል ይሆናል፤ ብርሃኑን በቱቦው አናት ላይ የተገጠመ የብርሃን መቀበያ ይወስድና በፋይበር ወደ መለኪያው ያደርሰዋል። ፋይበሩ ያለው ከላይ በቀዝቃዛው በኩል ነው፤ እሳቱን የሚጋፈጠው ቱቦው ብቻ ነው። በቻይና ሸንያንግ ከተማ የሚገኘው የሰሜን ምሥራቅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ዓይነት መሣሪያ ለታንዲሽ አዳብረዋል።

ቱቦው ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከአሉሚና፣ ማለትም ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ፣ እና ከግራፋይት ድብልቅ ነው። አሉሚና በ2,050 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ሙቀቱን ይችላል፤ ብቻውን ግን በድንገት ሲግል ይሰነጠቃል፤ ግራፋይቱ ሙቀቱን ቶሎ እያከፋፈለ ከዚህ ያድነዋል። በአንጻሩ ግራፋይት ካርቦን በመሆኑ በአየር ይቃጠላል፣ በፈሳሽ ብረትም ይሟሟል። ከግድግዳው የሚወጣው ጭስ የብርሃኑን መንገድ እንዳያደበዝዝ በውስጡ ሌላ ንጹሕ የአሉሚና ቱቦ ይጨመራል። ቱቦው ቶሎ የሚበላው በታችኛው ጫፉ ሳይሆን በወገቡ፣ ስላጉና ፈሳሹ በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው። በዚያ ቦታ ስላጉ አሉሚናውን፣ ብረቱ ደግሞ ካርቦኑን እየተፈራረቁ ይወስዱታል። ዚርኮኒያ የሚባለው ሌላ እሳት ቻይ ቁስ ስላግን የተሻለ ስለሚቋቋም አንዳንዶች ይህን ወገብ በዚርኮኒያና በግራፋይት ያጠናክሩታል።

ግድግዳውን ማወፈር ዕድሜ ይጨምራል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ወደ ውስጥ እስኪደርስ ደቂቃዎች ያልፋሉ። በታንዲሽ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ስለሚለወጥ ይህ መዘግየት ይታገሡታል። በየሴኮንዱ መልኩን በሚለውጥ እቶን ውስጥ ግን ከንቱ ነው። በዚያ ፋንታ በእቶኑ ግድግዳ ወይም ወለል በኩል አርጎን ወይም ናይትሮጅን በኃይል እየተነፋ ቀዳዳው ክፍት እንዲሆን ይደረግና ፋይበሩ ከጋዙ ጀርባ ሆኖ ፈሳሹን ያያል። ጋዙ ቀዳዳው አፍ ላይ ብረቱን አቀዝቅዞ በማርጋት መልሶ እይታውን ሊዘጋ መቻሉ የታወቀ ችግሩ ነው።

መስታወቱን በሰንፔር መተካትስ?

ሰንፔር የአሉሚና ነጠላ ክሪስታል ነው፤ ቀድሞውኑ ክሪስታል ስለሆነ እንደ ሲሊካ የመደፍረስ ስጋት የለበትም። በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ተመራማሪው ዲልስ እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ ያደረገው ቴርሞሜትር ጫፉ በስስ ብረት የተሸፈነ የሰንፔር ክር ነበር፤ የተሸፈነው ጫፍ ራሱ አነስተኛ ጥቁር አካል ይሆናል። ይህ ንድፍ ለጋለ ጋዝ በደንብ ይሠራል። ለቀለጠ ብረት ግን ሰንፔር ውድ ነው፣ ርዝመቱ ውስን ነው፣ በድንገተኛ ሙቀት ይሰነጠቃል፣ ኖራ የበዛበት ስላግም ያሟሟዋል። ስለዚህ በጋለው በኩል አጭር ሰንፔር፣ በቀዝቃዛው በኩል ረጅም ሲሊካ ተቀጣጥለው፣ ሰንፔሩም በመከላከያ ቱቦ ውስጥ ሆኖ ሲያገለግል ነው ትርጉም የሚኖረው።

በሞልዱ ውስጥ ያለው ክር ከምን ይጠበቃል?

በሞልዱ ላይ ክሩ ከፈሳሹ ጋር አይገናኝም፤ በመዳቡ ውስጥ በተቦረቦረ ቀጭን ቀዳዳ ይገባል፣ ሙቀቱም በጥቂት መቶ ዲግሪዎች ይወሰናል። እዚህ የሚሠራው በመጀመሪያ የጠቀስነው ሁለተኛው መንገድ፣ በክሩ ውስጥ የሚቀረጸው ምልክት ነው። በካናዳ ኬን ሂልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 ባገኙት ዘዴ በክሩ ውስጥ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ጥቃቅን ምልክቶች ይቀረጻሉ፤ ምልክቶቹ አንድን የብርሃን ቀለም ብቻ መርጠው ይመልሳሉ። ክሩ ሲሞቅ የሚመለሰው ቀለም በአንድ ዲግሪ የአንድ ሚሊ ሜትር መቶ ሚሊዮንኛ ገደማ ይሸሻል። አንድ ክር እንዲህ ያሉ በርካታ ነጥቦችን ስለሚይዝ ቅርፊቱ ከመዳቡ ጋር የተጣበቀበትን ቦታ ከመቀደዱ በፊት ለማየት ያስችላል፤ ብረቱን የሚያማስለው የኤሌክትሮማግኔት ኃይልም አይረብሸውም።

ችግሩ ክሩ ሲሳብም ልክ እንደሞቀ ሁሉ ቀለሙን መለወጡ ነው። አንድ ሜትር ክር በአንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር ቢሳብ የአንድ ዲግሪ ያህል ስህተት ይመጣል፤ መዳብ ደግሞ ሲሞቅ ከሲሊካ እጅግ በበለጠ ይለጠጣል። ስለዚህ ክሩ ከመዳቡ ጋር አይጣበቅም፤ በቀጭን የብረት ቱቦ ውስጥ እንደልቡ እንዲንሸራተት ይተዋል። ቱቦው ከመዳቡ ጋር በደንብ መነካካት፣ ክሩ ግን ከቱቦው ነጻ መሆን አለበት። ሥራው በዝርዝር ያደክማል፤ ሆኖም ከሁሉም ለረጅም አገልግሎት የሚመቸው ይህ አጠቃቀም ይመስለኛል፤ ክሩን ከማይችለው እሳት ጋር አያታግለውምና።

አሉሚኒየም ላይ ለምን ሌላ መከላከያ ያስፈልጋል?

አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ቀላል ይመስላል። ሆኖም ፈሳሽ አሉሚኒየም ኦክስጅንን ከሲሊካ ነጥቆ ይወስዳል፤ መስታወቱ ሳይቀልጥ ወደ አሉሚናና ወደ ሲሊከን እየተለወጠ ያልቃል። የማይዝግ ብረት ቱቦም ቀስ በቀስ ይሟሟበታል። ለዚህ የሚመረጡት ሲሊከን ናይትራይድና መሰል ሴራሚኮች ናቸው፤ አሉሚኒየም በእነርሱ ላይ አይጣበቅም። ለአረብ ብረት የተሠራ መከላከያ ሙቀቱ ቀነሰ ተብሎ ብቻ ወደ አሉሚኒየም አይዛወርም።

ንባቡ መሳሳቱ በምን ይታወቃል?

አንዱ ዘዴ ብርሃኑን በሁለት የሞገድ ርዝመቶች ለይቶ ማወዳደር ነው። ጥላሸት ሁለቱንም እኩል ቢቀንስ ንጽጽራቸው አይለወጥምና ሙቀቱ በትክክል ይነበባል። ግን መደፍረስ ሁለቱንም እኩል አይነካም፤ በመስታወቱ ውስጥ ያለ የእርጥበት ርዝራዥም በ1.38 ማይክሮን አካባቢ ያለውን ብርሃን ለይቶ ይውጣል። ሁለቱ ንባቦች መለያየት ከጀመሩ ያ ራሱ ክሩ መበላሸቱን የሚያስጠነቅቅ ምልክት ነው።

ሌላው የመሣሪያውን ንባብ መቅለጫ ነጥቡ በትክክል ከሚታወቅ ሌላ ንጹሕ ብረታ ብረት ጋር ማመሳከር ነው፤ መዳብ በ1,084.62 ዲግሪ፣ ፓላዲየም በ1,555 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣሉ። በፋብሪካው ወለል ላይ ግን ይህ በየሰዓቱ አይሞከርም። እዚያ የሚደረገው በካርቶን የተሸፈነውን ቴርሞካፕል አልፎ አልፎ ከፋይበሩ አጠገብ አጥልቆ ሁለቱን ቁጥሮች ማስተያየት ነው። ልዩነቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ በስሌት ይስተካከላል፤ ከልኬት ወደ ልኬት እየሰፋ ከሄደ ግን የሚመረመረው መጀመሪያ መከላከያው ነው፤ የተበላ ወገብ፣ ያጨሰ ቱቦ፣ ወይም ፍጥነቱን የሳተ የመመገቢያ ሞተር።